እንግዳነት እስከ መቼ?

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሰው አገር ሲኖር ሁለት ዓይነት ችግር ያገኘዋል። አንደኛው ከአገሩ ልማድ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከአገሩ ሕግና ደንብ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያውን በትዕግሥትና በትምህርት ማሸነፍ ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ትዕግሥት ብቻውን አያሸንፈውም። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች እነዚህን ሁለቱን እየደባለቁ በልማዱም በሕጉም ላይ እኩል ሲያማርሩ ስለምሰማ፣ ልዩነቱን እንደ አቅሜ ለመግለጽ ስል ይህን አስተያየት ጻፍሁ።

እኔ ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ኑሮዬን ያደረግሁት በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ ነው። ሒሳብ እያስተማርሁ 14 ዓመት ተቀምጫለሁ። ታይላንድ እስከ 1939 ድረስ ሲያም እየተባለች ትጠራ የነበረች፣ በአውሮፓውያን ቅኝ ግዛት ያልተያዘች፣ ንጉሥ ያላት የቡድሃ ሃይማኖት አገር ናት። (እዚህ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጎብኚዎች «የፈገግታ አገር» ይሏታል፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን ለሁለት ሳምንት የመጣ ጎብኚ የሚያየው ፈገግታና ለብዙ ዓመት የኖረ ሰው የሚያየው ፈገግታ አንድ አይደለም። ጎብኚው ፈገግታን ሁሉ ደስታ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ነዋሪው ግን ያው ፈገግታ ይቅርታም፣ ሐፍረትም፣ እንቢታም፣ አንዳንድ ጊዜም ቁጣ ሊሆን እንደሚችል ቀስ በቀስ ይማራል።

እንግዲህ አስቀድሜ ስለ ልማድ ልናገር። በአንድ የዝናብ ወራት የተከራየሁት ቤት ጣሪያ ያፈስስ ጀመር። ለቤቱ ባለቤት ነገርኋቸው። ሴትዮዋም በፈገግታ «እሺ፣ ነገ ሠራተኛ ይመጣል» አሉኝ። ነገ መጣ፤ ሠራተኛው ግን አልመጣም። በማግሥቱ ብጠይቃቸው ያው ፈገግታ፣ ያው እሺ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማታ ማታ ባልዲ ሙሉ ውሃ ስደፋ የሰነበትሁትን ሰውዬ አይቶ፣ አንድ የታይ ባልንጀራዬ ነገሩን አስረዳኝ። ሴትዮዋ በዚያ ወር ገንዘብ አልነበራቸውም። «የለኝም» ማለት እሳቸውን ያሳፍራቸዋል፤ «አላደርገውም» ማለት ደግሞ እኔን ያስቀይመኛል። ስለዚህ የሁለታችንም ክብር እንዳይነካ እሺ አሉ። ይህን ጠባይ ታዮች «ክሬንግ ጃይ» ይሉታል። ፈረንጆች ባልንጀሮቼ የዚህን ቃል ትርጉም ለማስረዳት ረጅም ሐተታ ያደርጋሉ። ለእኛ ግን አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ይሉኝታ ነው። «እሺ፣ ነገ» የሚለውም ቢሆን በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ያልተሰማ ነገር አይደለም።

«ጃይ» በታይኛ ልብ ማለት ነው፤ ብዙው የጠባይ ስም ከእርሱ ጋራ ተያይዞ ይነገራል። ታጋሹን ሰው «ጃይ ዬን»፣ ማለት ልበ ቀዝቃዛ ይሉታል። ቱግ ባዩን ደግሞ «ጃይ ሮን»፣ ማለት ልበ ትኩስ ይሉታል። በአደባባይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው፣ እውነቱ የእርሱ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ቅጽበት ተረትቷል። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከባድ ነው። በእኛ ዘንድ የተበደለ ሰው «የሕግ ያለህ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱም የእውነተኛነቱ ምልክት ሆኖ ይቈጠርለታል። በባንኮክ ግን የሚጮኸውን ሰው ሲያዩ መንገደኞች ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ባለታክሲው ቆጣሪውን አላበራም ብሎ ሦስት እጥፍ ዋጋ ሲጠይቀኝ፣ አመስግኜ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ እወርዳለሁ። አቤቱታን ጽፎ ማውጣትም ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ስም ማጥፋት በዚያ አገር እስከ እስራት የሚያደርስ ወንጀል ነውና። በ2020 አንድ አሜሪካዊ ስለ አንድ ሆቴል መጥፎ አስተያየት በኢንተርኔት በመጻፉ ተከስሶ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ነበር።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ታይኛ 44 ተነባቢ ፊደላትና አምስት ዓይነት የድምፅ አወጣጥ አለው፤ ሲጻፍም በቃልና በቃል መካከል ክፍት ቦታ አይተውም። «ማይ» የሚለው ድምፅ እንደ አወጣጡ አዲስ፣ እንጨት፣ ሐር፣ መቃጠል ወይም አይደለም ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ የተናገርሁትን ሳይሰማ ቢቀር ጆሮው ስለ ደነቈረ አይደለም። እኛም ብንሆን «አለ» የሚለውን ቃል አጥብቀን ወይም አላልተን ስንጠራው ሁለት የተለያየ ነገር እንናገራለን፤ ይህንንም የማይለይ የውጭ አገር ሰው ሲያጋጥመን እንስቃለን።

አንዳንዱ ልማድ ደግሞ ፈረንጁን ሲያስቸግረው ለእኛ የቤታችን ያህል ነው። ለምሳሌ ያህል ስለ ሰዓት ልንገራችሁ። በታይ የቀድሞ አቆጣጠር ሌሊቱ የሚቈጠረው እንደ እኛው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ፣ ፈረንጁ ከምሽቱ ሰባት የሚለውን ሰዓት እነሱ አንድ ይሉታል። ፈረንጅ ባልንጀሮቼ ይህን ለመልመድ ዓመት ሲፈጅባቸው እኔ በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። ደግሞም ታዮች ሰውን በተዋወቁት በአምስተኛው ደቂቃ ዕድሜህ ስንት ነው፣ አግብተሃል ወይ፣ ደመወዝህ ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ፈረንጁ ይህን እንደ ድፍረት ቈጥሮ ይቀየማል። ነገር ግን ዕድሜህን ካላወቁ ታላቅ ነህና «ፒ» ይበሉህ፣ ወይስ ታናሽ ነህና «ኖንግ» ይበሉህ አያውቁም። ጋሼና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይህ ነገር ምን ይቸግረዋል? ሲገናኙም ብዙ ጊዜ የሚጠያየቁት «ምግብ በላህ?» ብለው ነው።

በዚህ ምክንያት ከልማድ የሚመጣውን ችግር ቅሬታ ብዬ አልቈጥረውም። እንግዳ የገባበትን ቤት ልማድ መማር አለበት። የባለቤቱ ግዴታ ማስተማር እንጂ ቤቱን ለእንግዳው መለወጥ አይደለም። ከልማድ ወገን ሆኖ በዝምታ የማላልፈው አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የቆዳ ቀለም ነገር ነው።

በታይላንድ ሱቆች ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ከሳሙና እኩል ተደርድሮ ይሸጣል። ነገሩ ከፈረንጅ ብቻ የመጣ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ በፀሐይ የሚውለው ገበሬ ቆዳው ሲጠቁር፣ በጥላ የሚቀመጠው ባለጸጋ ነጣ ያለ ስለ ነበረ፣ ጥቁረት የድህነት ምልክት ሆኖ ቀረ። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሚጐዳው ሰው ጉዳቱ አይቀንስለትም። ሥራ ስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት የትምህርት ማስረጃዬን አይቶ በስልክ ከተደሰተ በኋላ ፎቶግራፌን ሲያይ ቦታው ተይዟል አለኝ። ያው ቦታ ግን በማግሥቱም በጋዜጣ ላይ ነበር። ባቡር ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር መጨረሻ ላይ የሚያዝበት ቀን ብዙ ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ይህን መቃወም ጀምረዋል። በ2016 አንድ የመዋቢያ ኩባንያ ነጭ መሆን ብቻውን ለማሸነፍ ይበቃል የሚል ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ፣ የታይ ሕዝብ ራሱ ተቈጥቶ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማስታወቂያውን አነሣ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ችግር ልሻገር። በ1979 በወጣው የታይላንድ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፣ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ አገር ሰው በየ90 ቀኑ የሚኖርበትን ስፍራ ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት። ዛሬ በፖስታም በኢንተርኔትም ማስታወቅ ቢቻልም፣ ቀኑን ያሳለፈ ሰው 2,000 ባት መቀጫ ይከፍላል። እንዲሁም ቤት አከራዩ የውጭ አገር ሰው ባስተናገደ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ይህ ደንብ በ2019 በጥብቅ ይሠራበት ሲጀመር፣ ለሁለት ቀን ወደ ሌላ ክፍለ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ወደ ገዛ ቤቱ በመመለሱ እንደ አዲስ መጤ ይመዘገብ ነበር። ነዋሪዎቹ አቤት ብለው በ2020 ነገሩ ቀለል ተደረገ። የመኖሪያ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ለሠራተኛውም ፈቃዱ ከአሠሪው ጋራ የተቈራኘ ስለሆነ፣ ሥራው ያለቀበት ሰው መኖሪያውም ያልቅበታል።

ቋሚ መኖሪያ የለምን? ቢባል፣ አለ። ነገር ግን ሕጉ ለአንድ አገር ተወላጆች በዓመት ከ100 ሰው በላይ አይፈቅድም። እኛ በዚያ ጥቂት ስለሆንን መቶው ይሞላብናል ብዬ አልሰጋም። የሚያሰጋኝ ክፍያው ነው፤ ከ190 ሺህ ባት በላይ ስለሆነ ለአንድ አስተማሪ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ይህን ሁሉ ከፍሎ፣ ለዓመታት ጠብቆ የተፈቀደለት ሰውም ቢሆን መሬት መግዛት አይችልም፤ ለመሥራትም የሥራ ፈቃድ ማውጣት አይቀርለትም። በፎቅ ቤት ውስጥ የመኖሪያ ክፍል መግዛት ቢቻልም፣ የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ ከጠቅላላው ስፋት ከመቶ 49 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ፀጉር ማስተካከል፣ ታክሲ መንዳት፣ ጎብኚ ማስጐብኘትና እነዚህን የመሳሰሉ ሥራዎች ለአገሬው ብቻ የተከለሉ ናቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ በዚህ በመጨረሻው አልከራከርም።

ከትልልቁ ይልቅ ትንንሹ ነገር ልብ የሚነካበት ጊዜ አለ። ካኦ ያይ በሚባለው በታወቀው የብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የአገሬው ሰው 40 ባት ሲከፍል የውጭ አገር ሰው 400 ባት ይከፍላል። በብዙ እንደዚህ ባሉ ቦታዎች የአገሬው ዋጋ የሚጻፈው በታይ የራሳቸው አኃዝ ስለሆነ ጎብኚው ልዩነቱን አያነበውም። እኔ ግን አነባለሁ። አንዳንዱ በር ጠባቂ የመንጃ ፈቃዴን አይቶ፣ በቋንቋውም ስናገር ሰምቶ በአገሬው ዋጋ ያስገባኛል። ሌላው ግን የሚያየው ፊቴን ብቻ ነው። ከደመወዜ በየወሩ የሚቈረጠው ግብር ፊት የለውም፤ የአገሬውና የእኔ ገንዘብ በአንድ ግምጃ ቤት ይቀላቀላል።

የኔ ኑሮ ግን ከከባዱ ወገን አይደለም። ከምያንማር፣ ከካምቦዲያና ከላኦስ የመጡ ሚሊዮኖች የባንኮክን ፎቆች ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የሰው ቤት ይጠርጋሉ። እኔ በፈቃድ ማደሻው አዳራሽ ግማሽ ቀን ስጠብቅ፣ እነሱ የቀን ደመወዛቸውን አጥተው ነው የሚጠብቁት።

እንግዲህ ስለ ምን እንዲህ ያለ ሕግ ወጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሲያም በ1855 ከእንግሊዝ ጋራ በተዋዋለችው ውል፣ በአገርዋ የሚኖሩት እንግሊዞች በገዛ ቆንስላቸው እንዲዳኙ ለመፍቀድ ተገደደች። ሌሎቹም መንግሥታት ያንኑ ጠየቁ። ከዚያም ወዲያ በ1893ና በ1907 ለፈረንሳይ፣ በ1909 ለእንግሊዝ ሰፊ ግዛት ለቀቀች። እኛም በ1908 ከፈረንሳይ ጋራ በተደረገው ውል ፈረንሳውያን በቆንስላቸው በኩል የሚዳኙበትን መብት ሰጥተን ነበር። እንግዳው ዳኛ ሆኖ ሲመጣ ያየ ሕዝብ መሬቱንና ሥራውን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ እኔ የምነቅፈው መጠበቁን አይደለም። የምነቅፈው ሕጉ ትናንት የመጣውንና ሀያ ዓመት የኖረውን ሰው ለይቶ አለማየቱን ነው። ጊዜ ለሌላው ነገር ሁሉ ሲቈጠር ለእንግዳው ብቻ አይቈጠርም።

ይህን ነገር ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ታዮች ነጩን ሰው «ፋራንግ» ይሉታል። እኛ ፈረንጅ የምንለውና እነሱ ፋራንግ የሚሉት ቃል ምንጩ አንድ ነው፤ ፍራንክ የተባለው የአውሮፓ ሕዝብ ስም በዐረብና በፋርስ ነጋዴዎች በኩል ወደ ሁለታችንም ደረሰ። እኛ ዘይቱን የምንለውንም ፍሬ ፋራንግ ይሉታል። ሕንዱን፣ ዐረቡንና እነሱን የመሰለውን ጠይም ሰው ግን «ኬክ» ይሉታል፤ አጠራሩ ለልደት ከምንቈርሰው ኬክ ብዙ አይርቅም። እኔንም ብዙ ጊዜ በዚሁ ስም ይጠሩኛል። የቃሉ ዋና ትርጉም እንግዳ ማለት ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ እንግዳ ይከበራልና። ነገር ግን 14 ዓመት ሙሉ እንግዳ እየተባሉ መኖር፣ ሰንብቶም «መቼ ነው ወደ አገርህ የምትሄደው?» እየተባሉ መጠየቅ፣ ሰውን ከበር ውጭ እንደ ማቆም ነው።

ይህ ሊለወጥ የማይችል ነገር አለመሆኑን የታይላንድ የራሷ ታሪክ ያሳያል። በ19ኛውና በ20ኛው ምዕተ ዓመት ቻይናውያን በብዛት ወደዚያች አገር ፈለሱ። በ1914 ንጉሡ ራማ ስድስተኛ በብዕር ስም ባወጡት ጽሑፍ ቻይናውያን ከአገሩ ጋራ አይዋሐዱም ብለው አጥብቀው ወቅሰዋቸው ነበር። ዛሬ የእነዚያ መጤዎች የልጅ ልጆች የታይ ስም ይዘው፣ በታይኛ እያሰቡ ነጋዴዎች፣ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሮችም ሆነዋል። አገሪቱም በእነሱ በለጸገች እንጂ አልጠፋችም።

አሁን ግን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል ወደ ራሳችን ልመለስ። በአገራችን ቤተ መዘክርና በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት በር የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው ከእኛ ይበልጣል። የውጭ አገር ሰው ሲያልፍ ሕፃናት «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ብለው ይከተላሉ። ቻይናዊው ባለሙያ ዐሥር ዓመት መንገድ ሠርቶ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ቻይና እየተባለ ይጠራል። በቀይነቱና በጥቁረቱ ሰውን ማማረጥም በእኛ ዘንድ የሌለ አይደለም። በኃይለ ሥላሴ ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ብዙዎቹ ከሕንድ የመጡ መምህራን ነበሩ። አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ስለ ትጋታቸው ያወሩላችኋል፤ ስለ አማርኛቸው አነጋገር እየሳቁ ያወሩላችኋል። ነገር ግን ከእነዚያ መምህራን ስንቱ በተማሪው ቤት ተጋብዞ እንጀራ ቈረሰ? ብላችሁ ጠይቋቸው። ዛሬም ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን ተሰደው በአገራችን የሚኖሩ እጅግ ብዙ ናቸው። በ2019 የወጣው የስደተኞች ዐዋጅ ሠርተው እንዲኖሩ ፈቅዷል። ሕግ በሩን ሊከፍት ይችላል፤ ግባና ተቀመጥ የሚለው ግን የጎረቤት አፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ፍርድ ይህ ነው። እንግዳ የአገሩን ልማድ ይማር፣ ቋንቋውን ይናገር፣ ሕጉን ያክብር፤ ይህን ካላደረገ ለማማረር መብት የለውም። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ግን አገሩም በበኩሉ የኖረበትን ዓመት ሊቈጥርለት ይገባል። ልጅን ማደጎ ያደረገ ቤት በየሦስት ወሩ «አሁንም እዚህ ነህን?» ብሎ አይጠይቅም።

ከእናንተ ከተማሪዎቹ መካከል ነገ ለትምህርትም ለሥራም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ይኖራል። የሚሄደው ሰው ቁጣውን ከአገሩ ሳይወጣ ይተው፤ ጆሮውንና ይሉኝታውን ግን ይዞ ይሂድ፤ በባንኮክ ያለ ይሉኝታ አይኖርምና። እዚህ የምትቀሩት ደግሞ፣ በክፍላችሁ ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ካለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አገሩን ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ግን አገሩን ትታችሁ በስሙ ጥሩት።